ጉደር በደብረ ብርሃን ብርድ (ሁለት ጠርሙስ ገዝቼ አንዱን ደፋሁት)

ሰላም ናችሁ፣ እኔ የወይን ባለሙያ ምናምን አይደለሁም፣ ደሞዝ ሲገባ አንድ ጠርሙስ ገዝቼ እያሸተትኩ ደብተር ላይ የምጭር ሰው ነኝ፣ ባለቤቴ "ወይን ነው ሽቶ የገዛኸው?" ትለኛለች።

ጉደር ስለሚባለው የአገራችን ቀይ ወይን ሰው ሁሉ የሚለው አንድ ነው፣ ይጎመዝዛል አፍ ይይዛል። እኔም እንደዛ ስል ኖሬያለሁ። ድራይ ነው በቃ (ስኳር የሌለው ማለት ነው)፣ አክሱሚት ከሚባለው ጣፋጭ ወይን ለመጣ ሰው የመጀመሪያዋ ጉንጭ ፊት ታስጨማድዳለች። ግን ባለፈው ከሁለት ሱቅ ሁለት ጠርሙስ ገዝቼ ስሞክረው ግማሹ ጥፋት የወይኑ ሳይሆን የኛ አያያዝ ሆኖ ነው ያገኘሁት።

የመጀመሪያውን የገዛሁት አስፋልት ዳር ካለ ሱቅ ነው፣ ስሙን አልናገርም። ጠርሙሱ መስኮቱ ላይ ለጌጥ ቆሟል፣ የደብረ ብርሃንን ነገር ደግሞ ታውቃላችሁ ቀን ፀሐዩ በመስታወት ገብቶ ይጠብሳል ማታ ውርጭ ነው። ልጁን ይሄ ከተቀመጠ ስንት ጊዜው ነው ስለው "ጋሼ ወይን'ኮ ሲቆይ ነው የሚጥመው" አለኝ። (ጋሼ ማለቱ ራሱ ሳያናድደኝ አልቀረም።) ሲቆይ ይጥማል የሚባለው ለዛ ተብሎ ለተሰራ ወይን ነው፣ እሱም ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ተጋድሞ። በኛ አቅም የሚገዛው አይነት ቶሎ እንዲጠጣ ነው የሚሰራው። ቤት ወስጄ ስከፍተው ቀለሙ ወደ ቡናማ ሄዷል፣ ሽታው የተቃጠለ ስኳር፣ ጣዕሙ ኮምጣጤ። ደፋሁት። እዚህ ላይ ጠማቂውን መውቀስ አይቻልም፣ ፀሐይ ላይ የከረመ ቅቤም ይበላሻል።

ሁለተኛውን ሌላ ሱቅ ሄጄ ከጓዳ ከካርቶን ውስጥ አስወጣሁ፣ ባለሱቁ ግራ ገብቶት እያየኝ። ዋጋው ከኪሎ ስጋ ያነሰ ነው፣ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ።

አሁን ዋናው ነገር። ቀይ ወይን "በክፍል ሙቀት" ይጠጣል ይባላል አይደል፣ ያ ሙቀት ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ገደማ ነው። እኛ ያለነው 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፣ ቤታችን ማታ ቴርሞሜትሩ 12 አለኝ! ስለዚህ የኛ ክፍል ሙቀት ማለት የሌላ አገር ፍሪጅ ማለት ነው። ወይን ሲቀዘቅዝ ሽታው ይተኛል፣ ከወይኑ ልጣጭና ዘር የሚመጣው ታኒን የሚሉት ነገር ደግሞ ጎልቶ ይወጣል፣ ስኳር የሌለው ወፍራም ሻይ ስትጠጡ ምላስ እንደሚሰበስበው ማለት ነው። እንደዛው ቀምሰነው ጎረቤታችን ጋሼ (እሳቸው እውነተኛ ጋሼ ናቸው) "ይሄማ ጌሾ የበዛበት ጠጅ ነው" ብለው ብርጭቆውን አስቀመጡት።

አምና እኔ ጅሉ ጠርሙሱን እንደ ጀበና ከሰሉ አጠገብ አስቀምጬ ነበር፣ አረቄ አረቄ ሸተተ። አሁን ግን ለብ ያለ ውሃ ሳፋ ውስጥ አስር ደቂቃ ምናምን ነክሬ ከፈትኩትና ትንሽ እንዲናፈስ ተውኩት። ሌላ ወይን ሆነ ብላችሁ ታምናላችሁ? መጀመሪያ ፕሪም ፕሪም ይላል፣ ቆየት ሲል አጋም፣ የበሰለ ጥቁር አጋም ልጅ ሆነን ከቁጥቋጦ እየለቀምን እጃችን እስኪጠቁር የምንበላው፣ ያ ጣፈጥ ብሎ መጨረሻ ላይ ኮምጠጥ የሚለው ነገር። መጎምዘዙ አለ ግን አይጮህም። ጣዕሙ አፍ ላይ ብዙ አይቆይም፣ ዋጥ ስታደርጉት አብሮ ይሄዳል፣ በዚህ ዋጋ ደግሞ አልከራከርም። ጋሼ ሁለተኛ ሲቀዳላቸው ዝም ብለው ጠጡ፣ እሳቸው ዝም ካሉ ወደዱት ማለት ነው። በብርሌ ይቀዳልኝ ያሉትን ግን እምቢ አልኳቸው፣ አፍንጫ የት ይገባል።

ከምግብ ጋር ደግሞ የመንዝ በግ ጥብስ ነበረን፣ ቃሪያና ሽንኩርት ብቻ በርበሬ የሌለው። የበጉ ስብ ያንን ምላስ የሚሰበስበውን ነገር ያለሰልሰዋል፣ አንድ ጉርሻ አንድ ጉንጭ እያልን ጠርሙሱ ሳይታወቀን ወረደ። ከዛ ወንድሜ ሚጥሚጣ አመጣና ሁሉን አበላሸው፣ አልኮሉና ሚጥሚጣው ተጋግዘው ጉሮሮ ያቃጥላሉ፣ ወይኑም መራራ ብቻ ይሆናል። ቀይ ወጥ ወይ ሚጥሚጣ ያለበት ክትፎ ከሆነ ያሰባችሁት አክሱሚትን ግዙ፣ ስኳሩ ቃጠሎውን ያበርደዋል። ትንሽ ገንዘብ ከተረፋችሁ የዝዋዩ ሪፍት ቫሊ መርሎት (መርሎት ከሚባል የወይን ዝርያ የሚሰራ ቀይ ወይን) ከጉደር ለስለስ ይላል፣ ግን ልዩነቱ ለኔ ከዋጋው ልዩነት ያንሳል።

እህቴ በኮካ ደባልቃ ጠጣች። ብዙ ሰው እንደዛ ነው የሚጠጣው እኔም አልፈርድም፣ ግን ቢያንስ አንድ ጉንጭ ሳይደባለቅ ቅመሱት እንጂ፣ ያለዚያ የኮካን ሪቪው ነው የምትጽፉት።

የተረፈውን ክዳኑን ገጥሜ ጓዳ መሬት ላይ አስቀመጥኩት፣ እዚህ ፍሪጅ ምን ያደርጋል። በማግስቱ ያው ነበር እንደውም ለስልሶ፣ በሦስተኛው ቀን አጋሙ ጠፍቶ ኮምጣጣው ብቻ ቀረ፣ እሱን ጥብስ ላይ ጨመርኩት።

ስትገዙ "ከመስኮቱ ሳይሆን ከጓዳ አውጣልኝ" በሉ፣ ባለሱቁ ቢያኮርፍም።