ደብረ ብርሃን፦ በአሮጌው የድንጋይ ቤት ቴአትርና ሥዕል

ሰሜን ሸዋ ለቴአትርም ለሥዕልም ባለውለታ አገር ነው። የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት የጻፉት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሰያደብር ተወላጅ ናቸው፤ የአፍሪካ አዳራሽን ባለቀለም መስታወት የሠሩት ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ደግሞ የአንኮበር ልጅ። እዚሁ ደብረ ብርሃን ላይ የከተማው ወጣቶች አንድ አሮጌ ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤት ይዘው ታቹን መድረክ፣ ላዩን የሥዕል ማሳያ አድርገውታል። መታየት ያለበት ቤት ነው። ችግሩ፣ ቤቱን ያማረ ያደረጉት ወፍራሙ ግድግዳና የቆርቆሮው ጣሪያ ተውኔቱንም ሥዕሉንም ይፈታተኑታል። ይህን አውቆ የሄደ ሰው ብዙ ያተርፋል።

ከፎቁ ይጀምሩ። ደረጃው ቀጥ ያለና ጠባብ የእንጨት ደረጃ ስለሆነ አዛውንት ይዞ የሚሄድ ሰው ከኋላ ሆኖ ይደግፍ። ጥሩው ሰዓት ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ነው። ከ9 ሰዓት በኋላ ፀሐይ በምዕራቡ መስኮት ገብታ መስታወት በለበሱት ሥዕሎች ላይ ታንጸባርቃለች፤ የሚታየው የራስ ፊት ብቻ ይሆናል። ከዚያ መስኮት ትይዩ የውኃ ቀለም ሥራዎች መሰቀላቸው ትልቅ ጥፋት ነው። ቀዩ ከወዲሁ ገርጥቷል። ሥዕሎቹ ወደ ውስጠኛው ክፍል ይዛወሩ፤ ምንም ወጪ የለውም።

የሰሜኑን ግድግዳ ጠጋ ብለው ይዩት። ድንጋዩ የተያያዘው በጭቃ ነው፤ በኖራ ሲለሰን እርጥበቱ ይወጣል። ሲታደስ ግን በሲሚንቶ ስለመረጉት እርጥበቱ ታፍኖ ቀረ፤ ልስኑ አብጦ እየተላጠ ነው፤ ግድግዳው ላይ ተጣብቀው የተሰቀሉት ሸራዎችም ከጀርባቸው ሻግተዋል። ዋናው መፍትሔ ሲሚንቶውን አንስቶ በኖራ መመለስ ነው። እስከዚያው በየፍሬሙ ጀርባ፣ በአራቱ ማዕዘን 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ እንጨት ቢለጠፍ አየር ያልፋል፣ ሸራው ይድናል።

ከሁሉ የሚበልጠው የመንዝ ባና፣ ከበግ ጠጉር የተሠራው ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ያለበት ጥግ ነው። ጥቁሩም ቡናማውም የበጉ የራሱ ጠጉር ቀለም ነው፣ ማቅለሚያ አልነካውም። ከሥሩ ወለሉ ላይ አሸዋ የመሰለ ደቃቅ ነገር ካዩ ብል ገብቶታልና ለጠባቂው ይንገሩት፤ አውጥቶ አራግፎ ፀሐይ ላይ ማዋል ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ እጅ ሥራ በቸልታ መበላት የለበትም።

ወደ ተውኔቱ እንምጣ። ተዋንያኑ ጎበዞች ናቸው፤ የአገሬው አነጋገር ከአፋቸው ሳይደክሙ ይወጣል፣ አለባበሱም የታሰበበት ነው። የሚያስቸግረው ድምጹ ነው። ባዶ ድንጋይና ሲሚንቶ ወለል ድምጽ ስለሚመልስ፣ ተዋናዩ ፈጠን ሲል የቃሉ መጨረሻ ከሚቀጥለው ቃል ጋር ይደባለቃል። አዳራሹ በሰው ሲሞላ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ብዙ ተመልካች የሚገባበትን ቅዳሜን ይምረጡ። ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ረድፍ፣ መሐል ላይ ቢቀመጡ ይሻላል። ከኋላ ያለው ግድግዳ ላይ ሦስት አራት ባና ቢሰቀል ግማሹ ችግር ይቃለላል፤ ወፍራም ሱፍ ድምጽ ይውጣል። ማይክ መጨመሩ ግን አላዋጣም፤ ድምጽ ማጉያዎቹ ከማይኮቹ ጀርባ ስለቆሙ ድምጹ ወደ ማይኩ እየተመለሰ ይጮኻል። ሁለቱን ማጉያዎች ከመድረኩ ጠርዝ ወደ ፊት ማውጣት ብቻ ይበቃል። ማሲንቆው ያለ ማይክ ሲገባ እንዴት ጥርት ብሎ እንደሚሰማ ልብ ይበሉ።

ሐምሌና ነሐሴ ለተውኔት አይመከርም፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው ሁለተኛው ረድፍ ላይ እንኳ አይሰማም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው። ከተማው 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ አዳራሹም ማሞቂያ የለውም፤ ጋቢ ይያዙ፣ ወፍራም ካልሲም። መጸዳጃው ግቢው ጥግ ስለሆነና መብራት ስለሚጠፋ ባትሪ አይርሱ።

ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አውቶቡሱ የሚነሳው ከላምበረት መናኸሪያ ነው። ትርዒቱ ሲያልቅ ስለሚመሽ አልጋ አስቀድመው ይያዙ።

ሥዕል ከገዙ ደረሰኝ ይቀበሉ፣ አጠቃለሉንም ራስዎ ይቆጣጠሩ። የዘይት ቀለም ሸራ ቀለሙ ወደ ውጭ ሆኖ፣ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር የአፍ ስፋት ባለው ጥቅል ካርቶን ላይ ይጠቀለላል። ወደ ውስጥ ከተጠቀለለ ሲዘረጋ ቀለሙ ይሰነጠቃል። መሸፈኛው ንጹሕ ነጭ ወረቀት ይሁን፤ ጋዜጣ ቀለሙን ያትምበታል። አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አይጫን፤ ከእጅዎ አይለዩት።