ለእስስት ወይስ ለአርጃኖ? ጅማ ላይ ተሳቢ እንስሳትን ለማየት የትኛውን ዕቃ እንግዛ

ስለ ባይኖኩላር (አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር) የሚሰጠው ምክር አብዛኛው ወፍ ለሚያይ ሰው የታሰበ ነው። ወፍ ሩቅ ስለሆነ ወሬው ሁሉ «ስንት እጥፍ ያቀርባል?» ነው። ጅማ ዙሪያ እስስት፣ እንሽላሊትና እባብ ለማየት ለሚወጣ ሰው ግን ነገሩ ይገለበጣል። እስስቷ ያለችው ከቡና ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ፣ ከፊታችን ሁለት ሦስት ሜትር ራቅ ብላ ነው። አሥር እጥፍ የሚያቀርብ፣ ከአምስት ሜትር ወዲህ ያለውን ግን አጥርቶ የማያሳይ ባይኖኩላር የያዘ ሰው እንስሳውን ለማየት ወደ ኋላ ማፈግፈግ አለበት። ቡና መሐል ደግሞ ማፈግፈጊያ የለም።

ስለዚህ እኔን የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ የሚሰማው ቅደም ተከተል አንድ ነው፦ መጀመሪያ ጥሩ ባትሪ፣ ቀጥሎ ከቅርብ ፎከስ የሚያደርግ ባይኖኩላር፣ ካሜራ መጨረሻ። ብዙ ሰው ግን ከካሜራው ይጀምራል።

የግንባር ባትሪ ወይስ የእጅ ባትሪ

እስስትን ቀን መፈለግ ዓይን ያደክማል። ቅጠል መስላ ቆማ ሳለ አጠገቧ ደርሰን እናልፋታለን። ማታ ስትተኛ ግን ቀለሟ ይገረጣል፤ ነጭ ብርሃን ሲያርፍባት ከአረንጓዴው መካከል ነጣ ብላ ትለያለች። ከምሽቱ 1:30 በኋላ መካከለኛ ባትሪ ይዞ የወጣ ሰው፣ ቀኑን ሙሉ በውድ መነጽር ሲፈልግ ከዋለው የበለጠ ያያል።

የግንባር ባትሪ እጅን ነጻ ከማድረጉ ሌላ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። የብርሃኑ ምንጭ ከዓይናችን አጠገብ ስለሚሆን የጌኮ (ሌሊት የምትወጣ እንሽላሊት) ወይም የአዞ ዓይን የሚመልሰው ብልጭታ በቀጥታ ወደ እኛ ይመጣል። ባትሪውን ወገቡ ላይ የያዘ ሰው ይህን ብልጭታ ያጣዋል። የግንባሩ ጉድለት ደግሞ የሚብሰው ጅማን በመሰለ እርጥብ አገር ነው፦ ጉም ወይም ካፊያ ሲኖር ከዓይናችን ፊት ያለውን ጠብታ ሁሉ ያበራና ነጭ መጋረጃ ይሆንብናል። የእሳት ራቱ ፊት ላይ ሲሰፍር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የእጅ ባትሪ ዝቅ ተደርጎ ሲያዝ ጉሙን ይሻገራል፤ ከጎን ሲበራም ቅርፊቱን በጥላ አጉልቶ ያሳያል፤ ይህም ዝርያ ለመለየት ይረዳል። ገንዘቡ ለአንድ ብቻ ከበቃ የግንባሩን ግዙ፤ ጉም ሲወርድ አውልቃችሁ በእጅ ያዙት።

ከ200 እስከ 400 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ይበቃል። ሣጥኑ ላይ በአሥር ሺዎች ሉመን የተጻፈበትን ርካሽ ባትሪ አትመኑት። ከብዛቱ ይልቅ የቀለም ታማኝነቱን ጠይቁ፤ ሲአርአይ የሚባለው ቁጥር 90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ቡናማው ቡናማ፣ አረንጓዴው አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ሰማያዊ የሚያጠቃው ርካሽ ኤልኢዲ ቀለም ያበላሻል። አይፒኤክስ4 የሚል ምልክት ያለው ካፊያ ይችላል፤ አይፒኤክስ7 ደግሞ 1 ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቢቆይ አይበላሽም። ለክረምት ሁለተኛው ይሻላል። መብራት በሚጠፋበት ቀን እንዳትቸገሩ ውስጡ ከተዘጋ ባትሪ ይልቅ ድንጋዩ የሚቀየረውን ምረጡ። ቀዩ ብርሃን ማስታወሻ ለመጻፍ ጥሩ ነው፤ ቀለም ስለሚያጠፋ እስስት ለመፈለግ አይሆንም።

ባይኖኩላር፦ አራቱን ጎን ለጎን

ባይኖኩላር ላይ 8×42 ተብሎ ሲጻፍ 8 ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ፣ 42 ደግሞ የፊተኛው ሌንስ በሚሊ ሜትር ስንት እንደሚሰፋ ይናገራል። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ስታካፍሉት ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ይወጣል፦ 8×42 ላይ 5.25 ሚሊ ሜትር፣ 10×42 ላይ 4.2። ጅማ አቅራቢያ በለጠ በሚባለው ደን ጥላ ውስጥ ወይም ደመና በከበደበት ጠዋት ይህ ልዩነት በዓይን ይታወቃል። በዚያ ላይ 10 እጥፍ የሚያቀርበው የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላዋል፤ የሚያሳየው ስፋትም ስለሚጠብ ቅጠል መሐል ያለችውን ነገር ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ለእኛ ሥራ 8 ይሻላል ስል ያለ ማመንታት ነው።

| ሞዴል | ከስንት ጀምሮ ፎከስ ያደርጋል | ክብደት | ውሃ ይችላል? |
|---|---|---|---|
| ፔንታክስ ፓፒሊዮ 2፣ 6.5×21 | 0.5 ሜትር | 290 ግራም ገደማ | አይችልም |
| ቮርቴክስ ዳይመንድባክ ኤችዲ፣ 8×42 | 1.5 ሜትር | 600 ግራም ገደማ | ይችላል |
| ኒኮን ሞናርክ ኤም5፣ 8×42 | 2.5 ሜትር | 630 ግራም ገደማ | ይችላል |
| ኒኮን አኩሎን ኤ211፣ 8×42 | 5 ሜትር | 755 ግራም ገደማ | አይችልም |

ፓፒሊዮ ልዩ ነገር ነው። ግማሽ ሜትር ላይ ያለች እንሽላሊት ጣቶቿ፣ ቅርፊቷ፣ የዓይኗ ቆብ ሳይቀር ይቆጠራል። ግን የፊት ሌንሱ 21 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ሲመሽ ቶሎ ይጨልማል፤ ውሃም አይችልም። ጅማ ዝናቡ ከበልግ ጀምሮ እስከ መስከረም የሚዘልቅባት አገር ናት፤ ይህን ባይኖኩላር ይዞ መውጣት ማለት ፌስታል ይዞ መውጣት ማለት ነው። ሁለተኛ ባይኖኩላር ቢሆን የሚጣፍጥ፣ ብቸኛ ባይኖኩላር ለመሆን ግን የሚያንስ ዕቃ ነው።

አኩሎን ዋጋው ስለሚቀል ብዙ ሰው ያየዋል። ቀን ላይ የሚያሳየው ምስል ለዋጋው የሚያስመሰግን ነው። ፀሐይ የሚሞቅ ወንድ አጋማ፣ ያ ራሱ ሰማያዊ የሆነው እንሽላሊት፣ ከግንብ ወይም ከባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ከአሥር ሜትር ለማየት ይበቃል። ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ፀሐይ በአጥር ዙሪያ ለሚዞር ሰው አልከለክልም። ወደ ቡናው ሲገባ ግን አምስት ሜትሩ ይይዘዋል።

ትክክለኛው ፉክክር በዳይመንድባክና በሞናርክ መካከል ነው። ሁለቱም ውስጣቸው ደረቅ ጋዝ ተሞልቶ የታሸገ ነው፤ ስለዚህ ከቀዝቃዛ ደን ወጥተን ሞቃት መኪና ውስጥ ስንገባ ውስጡ በጉም አይሸፈንም። ሞናርክ ትንሽ ጠራ ያለ፣ ለእጅም የተመቸ ሆኖ አገኘዋለሁ። ቢሆንም በ1.5 እና በ2.5 ሜትር መካከል ያለችው አንዲት ሜትር እስስት ያለችባት ሜትር ናት። ስለዚህ ምርጫዬ ዳይመንድባክ ነው። ቦዬ ረግረግ ዳር ወይም ወደ ጊልገል ጊቤ ግድብ ወርዶ ውሃ ዳር አርጃኖ ለመጠበቅ ለሚያስብ ግን ሜትሯ ትርጉም የላትም፤ እሱ ሞናርክን ቢወስድ አይቆጨውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ገበያ ላይ ታጥፎ ኪስ የሚገባ፣ «30×60» የተጻፈበት ትንሽ ባይኖኩላር ሞልቷል። ማስመሪያ አውጡና የፊቱን ሌንስ ለኩት፤ ወደ 60 ሚሊ ሜትር አይጠጋም። የሌንሱ ቁጥር እንዲህ ከዋሸ የእጥፉን ማን ያምናል? ሌንሱ ቀይ ሆኖ የሚያብለጨልጨውም ያው ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ በዚህ መነጽር ላየ ሰው ግን ልጡም እባቡም አንድ ናቸው።

ሱቅ ውስጥ ሳላችሁ ሦስት ነገር አድርጉ። መጀመሪያ የራሳችሁን ጫማ እዩበት፤ ቆማችሁ ክሩ ካልጠራላችሁ ለእስስት አይሆንም። ቀጥሎ በር ላይ ወጥታችሁ ሩቅ ያለ የስልክ እንጨት ተመልከቱ፤ እንጨቱ ሁለት ሆኖ ከታያችሁ ወይም ዓይናችሁን ከጎተተው፣ ሁለቱ ጎን አልተጣጣሙምና ተዉት። በመጨረሻ ሌንሱን ወደ ብርሃን አዙራችሁ ውስጡን መርምሩ። የሸረሪት ድር የሚመስል ክር ካያችሁ ሻጋታ ነው፤ ያገለገለ ዕቃ ላይ በተለይ። የእኛ አየር እርጥብ ስለሆነ አዲሱም ቢሆን በቆዳ ቦርሳው ውስጥ ተዘግቶ ቁም ሣጥን ውስጥ ከከረመ ይሻግታል። ክዳኑ ገጥሞ የሚዘጋ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ አዲስ ጫማ ሣጥን ውስጥ ከምናገኘው እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጋር አስቀምጡት።

ስልክ፣ ትንሽ ካሜራ፣ ትልቅ ካሜራ

ዝርያ ለመለየት የሚያስፈልገው ያማረ ፎቶ አይደለም። የእስስት ራሷ ከጎን፣ ከጉሮሮ እስከ ሆድ ያለው መስመር፤ የእንሽላሊት ጎንና ጣት፤ የእባብ ራስ ከላይና ከጎን፣ የጀርባው ቅርፊት። ለተኛች እስስት ስልክ ከበቂ በላይ ነው። ከራቀም ስልኩን ባይኖኩላሩ የዓይን ማያ ላይ ገጥሞ ማንሳት ይቻላል፤ ትንሽ ልምምድ ይፈልጋል እንጂ የሚወጣው ምስል ለመለየት ይበቃል።

ኦሊምፐስ ታፍ ቲጂ-6 የሚባለው ትንሽ ካሜራ ከ1 ሴንቲ ሜትር ያነሳል፤ 15 ሜትር ውሃም ይችላል። ለዝናባችን እንደሱ የሚመች የለም። ግን ዙሙ 4 እጥፍ ብቻ ስለሆነ ሩቅ አያቀርብም፤ እባብን ደግሞ ከ1 ሴንቲ ሜትር ማንሳት የሚፈልግ ጤነኛ ሰው አላውቅም።

ረጅም ዙም ካላቸው ካኖን ኤስኤክስ70 65 እጥፍ፣ ኒኮን ፒ950 ደግሞ 83 እጥፍ ያቀርባል። የመጀመሪያው 610 ግራም፣ ሁለተኛው 1 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። አርጃኖ ውሃ ማዶ ድንጋይ ላይ ሲሞቅ ሁለቱም ያስደስታሉ። ደን ውስጥ ግን ሁለቱም ይቸገራሉ፦ ዙሙ ሲያልቅ የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ እስከ ኤፍ/6.5 ይጠብባል፣ ብርሃን መቀበያውም ትንሽ ነው፣ ስለዚህ ጥላ ውስጥ ምስሉ አሸዋ ይለብሳል። ልዩነቱን ከዋጋው ጋር ስመዝነው ካኖኑ ይበቃል እላለሁ። 125 እጥፍ የሚያቀርበውን ኒኮን ፒ1000 ለጨረቃ ተዉት፤ ከ1.4 ኪሎ ግራም በላይ ተሸክሞ አቀበት መውጣት ምን ያደርጋል?

መተግበሪያና መጽሐፍ

ሲክ የሚባለው መተግበሪያ መለያ ሳትከፍቱ ካሜራውን ብቻ አዙራችሁ የሚገምት ነው፤ ለልጆችና ለጀማሪ ይመቻል። አይናቹራሊስት ግን ፎቶውን ሰው እንዲያየው ያደርጋል፤ ከሁለት ሦስተኛው በላይ የሆኑት ለዪዎች በአንድ ስም ሲስማሙ መረጃው ለጥናት ወደሚበቃው ደረጃ ያልፋል። ሁለቱም ነጻ ስለሆኑ መምረጥ አያስፈልግም፤ የምትጸኑበት ግን ሁለተኛው ይሁን። ቦታውን የሚደብቀውን ምርጫ መጠቀም አትርሱ። ምክንያቱም በእኛው ደቡብ ምዕራብ ደን የሚኖረው፣ በ1977 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ለሳይንስ የተገለጸው ቢጫና ጥቁር የኢትዮጵያ ተራራ እፉኝት በውጭ አርቢዎች ዘንድ ተፈላጊ ነው። መተግበሪያው «መርዝ የለውም» ያለውን እባብ ለመያዝ መነሳት ደግሞ አይታሰብ።

መጽሐፍ የምትገዙ ከሆነ ከሽፋኑ ይልቅ በውስጡ ያሉትን አገሮች ዝርዝር እዩ። «ምሥራቅ አፍሪካ» የሚለው ብዙ ጊዜ ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ኡጋንዳን፣ ሩዋንዳንና ብሩንዲን ብቻ ይይዛል። የኢትዮጵያ ደጋ ተሳቢዎች ብዙዎቹ ሌላ አገር ስለሌሉ በዚያ መጽሐፍ ፈልጋችሁ አታገኟቸውም።

የማይገዛውና የሚገዛው

የእባብ መያዣ ሜንጦ አትግዙ። የዱር እንስሳ ለመያዝ ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እስስት፣ ዘንዶና አርጃኖም ዓለም አቀፍ ንግዳቸው ሳይተስ በሚባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር የሚደረግበት ነው። ከሕጉም በላይ ሜንጦ እጅ ሲገባ ሰው መራቁን ይረሳል። ለዚያ ገንዘብ ጉልበት ድረስ የሚደርስ የጎማ ቦት ይገዛል፤ ከረግረጉም ከእፉኝቱም ይጠብቃል። እባብ ቢነድፍ ግን አትቁረጡ፣ አትምጠጡ፣ አጥብቃችሁ አትሰሩ፤ የተነደፈውን አካል ሳታንቀሳቅሱ ወደ ሆስፒታል ነው።

ጅማ ውስጥ ከላይ የጠቀስኳቸውን ሞዴሎች ሁሉ ከመደርደሪያ ላይ ታገኛላችሁ አልልም። ብዙ ሰው ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ በዘመድ ያስመጣል። ከውጭ ለምታስመጡት፣ ባይኖኩላር አየር ማረፊያ ላይ ጥያቄ እንዳያስነሳ ጉምሩክን ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ደረሰኙንም ዘመዳችሁ በእጅ ሻንጣ ይያዘው። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ገንዘቡን ከመላካችሁ በፊት የጫማውን፣ የስልክ እንጨቱንና የሻጋታውን ፈተና እዚያው ያለ ሰው እንዲያደርግላችሁ አድርጉ።