ለውድድር የሚላክ የቻምበር ሙዚቃ ቀረጻ፦ አዳራሽ ወይስ ስቱዲዮ?

ብዙ የቻምበር ሙዚቃ (በጥቂት ተጫዋቾች የሚቀርብ ክላሲካል ሙዚቃ) ውድድሮች አንዱን ሙቭመንት (የድርሰቱን አንድ ምዕራፍ) ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቆረጥ፣ በማይንቀሳቀስ ካሜራ እንዲቀረጽ ይጠይቃሉ። ስለዚህ የክፍሉን ድምፅ በኋላ ማረም ስለማይቻል ቦታው በጥንቃቄ መመረጥ አለበት።

አዳራሽ፦ የመሣሪያዎቹን ድምፅ ያዋህዳል፣ ተጫዋቾቹም እርስ በርሳቸው በደንብ ይደማመጣሉ። ሁለት ማይክሮፎኖችን በ17 ሳንቲ ሜትር አራርቆ፣ በ110 ዲግሪ ከፍቶ፣ ከቡድኑ 2 እስከ 3 ሜትር ርቀትና 2.5 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ መትከል ጥሩ መነሻ ነው። በጣም ከራቁ ቼሎው (በቀስት የሚጫወት፣ ወፍራም ድምፅ ያለው ባለ አውታር መሣሪያ) ይደበዝዛል፤ ከቀረቡ የቀስቱ መፋቅ ይጎላል። ፈተናው ጫጫታው ነው፤ የአየር ማቀዝቀዣውንና ድምፅ የሚያሰሙ መብራቶችን ቀድማችሁ አጥፉ። የፒያኖ ማስቃኛ ወጪም አለ።

ስቱዲዮ፦ ጸጥ ያለ ነው፤ ባለሙያም አለው። ድምፁ ግን ደረቅ (የማያስተጋባ) ስለሚሆን ትንሿ የቅኝት ስህተት ሳትቀር ትሰማለች፤ ተጫዋቾቹም የድምፁን ድርቀት ለማካካስ ቀስቱን ይጫኑታል፣ ድምፁም ይሻክራል። ሰው ሠራሽ ማስተጋባት ከመጨመራችሁ በፊት የውድድሩን ደንብ አንብቡ።

የትም ብትቀርጹ የሚቀረጸውን ድምፅ መጠን በራሱ የሚያስተካክለውን የመቅረጫውን ቅንብር አጥፉት፤ ካልጠፋ ፒያኒሲሞውና (በጣም ለስላሳው) ፎርቲሲሞው (በጣም ጮክ ያለው) ይቀራረባሉ፣ የለፋችሁበት ሁሉ ይጠፋል።

ለስትሪንግ ኳርቴት (ሁለት ቫዮሊን፣ ቪዮላና ቼሎ ላለው ቡድን) አዳራሹ ይመረጣል። ፒያኖ ላለበት ትሪዮ (የሦስት ተጫዋቾች ቡድን)፣ አዳራሹ በጣም የሚያስተጋባ ወይም ፒያኖው ያረጀ ከሆነ፣ ጥሩ ፒያኖ ያለው ሰፊ ስቱዲዮ ይሻላል።