የድድ አጥንት መትከል፦ በጨቅላነት ወይስ ክራንቻ ሊወጣ ሲል?

አዘዞ ያለች ጎረቤቴ ልጇ ከንፈሩና ላንቃው ተሰንጥቆ ተወለደ። ሁለቱም ተሰፍተውለታል። አሁን 8 ዓመቱ ነው፤ ሲስቅ ግን ድዱ አጥንት ላይ የቀረችው ክፍተት ትታያለች። «ምነው ያኔ አብረው ክፍተቷን በአጥንት በሞሉለት!» ትለኛለች።

እኔ እንኳንም አልሞሉለት ባይ ነኝ። በጨቅላነት መትከል ድሮ ብዙ ቦታ ተሞክሯል። ሐሳቡ ያጓጓል፤ በጊዜ ተጨርሶ ይረሳል። ልጆቹ ሲያድጉ ግን የላይኛው መንጋጋቸው እድገት ወደ ኋላ ቀረ፤ የፊታቸው መሃል ገባ አለ፤ ጥርሳቸውም አልገጥም አለ። አብዛኞቹ ሐኪሞች ተዉት።

ሌላውን መንገድ ቦይንና ሳንድስ የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1972 አስተዋወቁት። ከ8 እስከ 11 ዓመት ገደማ፣ ክራንቻው ከመውጣቱ በፊት፣ ከዳሌ አጥንት ተወስዶ ክፍተቱ ይሞላል። የመንጋጋው የፊት ክፍል በዚህ ዕድሜ አብዛኛውን አድጓል። ክራንቻው በአዲሱ አጥንት ውስጥ አልፎ ይወጣል፤ አጥንቱንም ያቆየዋል። ጥርስ ያልወጣበት አጥንት በዓመታት ይሳሳል። ዳሌው ለጥቂት ቀናት ያማል፤ ልጁ ያነክሳል። ያልፋል።

ክራንቻው ከወጣ በኋላ ግን ውጤቱ ይቀንሳል። ለዚህ ነው ጎረቤቴን «ክራንቻው የት እንደደረሰ እንዲታይ ዘንድሮ ራጅ ይነሳ» ብዬ የምጨቀጭቃት።