ጣርማ በር ላይ ጥዬው የነበረውን ልቤን ላስመለሰችልኝ እህት፦ ምስጋናም ጥቆማም

ሰላም የደብረ ብርሃን፣ የደብረ ሲና፣ የሸዋ ሮቢት ልጆች። በተለይ መንገድ ላይ ያላችሁ ሹፌሮች። ይህን ጽሁፍ ለሦስት ወር ስጀምረው ስተወው ነው የቆየሁት። ሰው ምን ይለኛል ብዬ። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ የሥራ ጓደኛዬ መኪናውን ዳር አስይዞ «ልቤ ልትቆም ነው መሰለኝ» ብሎ ሲደውልልኝ ዝምታዬ አሳፈረኝ። ስለዚህ ይኸው፤ ድንገት የሚይዘኝን ፍርሃት በኢንተርኔት ምክክር እንዴት እንደተወጣሁት።

የምነዳው አይሱዙ ነው። ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርትም ማሾም ጭኜ ወደ ላይ፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ የተገኘውን ጭኜ ወደ ታች። አሥራ አንድ ዓመት በዚህ መንገድ ተመላልሻለሁ። ጣርማ በርን ጭጋግ ሲውጠው፣ የፊት መብራት የራስህን አፍንጫ እንኳ በማያሳይህ ጊዜ፣ ረዳቴ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ቀኝ፣ ቀኝ» እያለኝ አልፌዋለሁ። እዚያው ያለውን፣ ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ የሰው አገር ሹፌር ሲፈራው የምስቅበት እኔ ነበርኩ።

ዓምና ኅዳር ላይ ነው። ዋሻው ውስጥ ከፊቴ አንድ ተሳቢ ቆመ። ግጭት የለ፣ ፍሬን አልከዳኝ፣ ምንም የለም። ተራዬን ነው የምጠብቀው። ድንገት ልቤ ደረቴን ሰብራ ልትወጣ ሆነ። ጣቶቼ ደነዘዙ፣ አፌ ደረቀ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ መሪው ላይ ያሉት እጆቼ የሌላ ሰው እጆች መሰሉኝ። በቃ ሞትኩ አልኩ። ረዳቴን ያዝ አድርጌ «ለሚስቴ ንገራት» አልኩት። ምን ብሎ እንደሚነግራት ግን አልነገርኩትም፤ እስከ ዛሬ ይስቅብኛል።

ከዚያ በኋላ ያለው ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ዓይነት ነው። ሦስት ቦታ ታየሁ። ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ተነሣሁ፣ ደም ሰጠሁ፣ የእንቅርት ሆርሞንም ታየልኝ። ሁሉም ንጹሕ። «ምንም የለብህም፣ ሂድ ሥራህን ሥራ» ተባልኩ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ይበልጥ ፈራሁ፤ ምክንያቱም ምንም ከሌለብኝ እንግዲህ ያበድኩት እኔ ነኝ ማለት ነው። እማዬ ዓይነ ጥላ ነው አለች። ጻድቃኔ ማርያም ሄጄ አንድ ሱባኤ ተቀመጥኩ፣ ጠበሉን ጠጣሁ፣ ተጠመቅሁ። አልዋሽም፣ እዚያ ሳለሁ እንቅልፍ ወሰደኝ፣ ሰላምም አገኘሁ። ተመልሼ ገና ዋሻው ከሩቅ ሲታየኝ ግን ያው ነገር መጣ። መኪናውን አዙሬ ደብረ ብርሃን ገባሁ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ እየሰፋ ሄደ። መጀመሪያ የፈራሁት ዋሻውን ነው። ቀጥሎ ቁልቁለቱን። ቀጥሎ ሰው የሞላበት ሚኒባስ። በመጨረሻ ቅዳሴ እንኳ በር አጠገብ ካልቆምኩ አልችልም አልኩ። መኪናውን ለሌላ ሹፌር ሰጠሁ። የባንክ ዕዳው ግን ሹፌር አይቀይርም፤ በወሩ ይመጣል።

በኢንተርኔት የሚሰጥ ምክክር እንዳለ ያገኘችው ባለቤቴ ናት። እኔ የሰማሁትም ያኔ ነው። እና መጀመሪያ ተበላሁ። አንድ በቴሌግራም «አማካሪ ነኝ» የሚል ሰው ገንዘቡን በቴሌብር አስቀድሞ ተቀበለኝ። ከዚያ አራት የድምፅ መልእክት ላከልኝ፤ «ጠንክር፣ ወንድ ነህ፣ በጎ በጎውን አስብ» የሚል። አምስተኛውን ስጠብቅ ጠፋ። ወንድ መሆኔንማ ሳልከፍልም አውቀው ነበር።

ስለዚህ ሁለተኛዋን ሳገኝ በጥርጣሬ ነው የቀረብኩት። ስሟን በአደባባይ አልጽፍም፤ ፈቃዷን ጠይቄ «ጽሁፉን ጻፍ፣ ስሜን ተወው» ብላኛለች። አዲስ አበባ ነው ያለችው። ስለ ገንዘብ ከማንሣቷ በፊት አሥራ አምስት ደቂቃ በነጻ አናገረችኝ። ትምህርቷንና የሙያ ፈቃዷን ሳልጠይቃት ላከችልኝ። «ዶክተር» ስላት «ዶክተር አይደለሁም፣ ሳይኮሎጂስት ነኝ። መድኃኒት አላዝም። መድኃኒት የሚያስፈልግህ ከመሰለኝ ወደ ሳይካትሪስት፣ ወደ አእምሮ ሐኪም፣ እልክሃለሁ» አለች። ቀጥላም በኢንተርኔት የማትሠራውን ነገረችኝ፦ ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ፣ ሌላው የማይሰማው ድምፅ የሚሰማው፣ ቤት ውስጥ የሚደበደብ ሰው ቢሆን ስልክ ላይ አትይዘውም፤ በአካል የሚያየው ሰውና ሆስፒታል ነው የሚያስፈልገው። ያንን ስትል አመንኳት። ሁሉን አድናለሁ የሚል ሰው ከዚያ በፊት አይቻለሁና።

የመጀመሪያው ቀን ትዝ ይለኛል። ቤታችን ሁለት ክፍል ናት፣ ልጆች አሉ፣ እማዬ አለች። የት ሆኜ ላውራ? ጋቢና ውስጥ ገባሁ። ጥር ነው፣ የደብረ ብርሃንን ውርጭ ታውቁታላችሁ፤ መስታወቱ ነጭ ሆኗል። ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ፣ ስልኬን መሪው ላይ ደግፌ ተቀመጥኩ። ከመሥሪያ ቤት እንደ ተባረረ ዘበኛ ነበር የምመስለው። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «አሁን በትክክል የት ነህ?» ነበር። ሁለተኛው «መስመሩ ቢቋረጥና አንተ ደህና ባትሆን ለማን ልደውል?» ፖሊስ ነች እንዴ አልኩ በሆዴ። በኋላ ገባኝ፤ መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ርቃ ነው ያለችው፤ ብወድቅ ደርሳ አታነሣኝም። የባለቤቴን ቁጥር ሰጠኋት። በየሳምንቱ መጀመሪያ ያንኑ ትጠይቀኛለች።

ምስጢሬ ከእሷ እንደማይወጣ፣ ሕይወት የሚያጠፋ ነገር ካልመጣ በቀር፣ ያኔውኑ ነገረችኝ። ከዚያ ሰባት ጥያቄ ያላት ወረቀት ላከችልኝ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ምን ያህል ቀን ተጨነቅህ፣ ዘና ማለት አቃተህ ወይ፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነው፣ ድምሩ ቢበዛ 21። እኔ 16 አመጣሁ። በትምህርት ቤት ከፍተኛ ውጤት አምጥቼ አላውቅም፣ እዚህ አመጣሁ።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ አስደነገጠኝ። «ጫት ትቅማለህ?» ሹፌር ነኝ እኮ። «ቡናስ በቀን ስንት?» ስድስት። እንቅልፍ? አራት ሰዓት ካገኘሁ ተመስገን ነው። አልተቆጣችኝም። ጫትም ቡናም ልብን እንደሚያስሮጡ፣ የተራበና ያልተኛ አካል ደግሞ ትንሽ ነገር እንደሚያስበረግገው ነገረችኝ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ተው አላለችኝም። ቡናውን ሁለት አደረስኩት። ጫቱ ጊዜ ወስዷል፣ ግን ቀርቷል።

ያ ዋሻ ውስጥ ያገኘኝ ነገር ፓኒክ አታክ፣ ድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት፣ እንደሚባል ከእሷ ነው የሰማሁት። እንዴት እንደሚሠራ ስትነግረኝ እኔ በሹፌር ቋንቋ ተረዳሁት፦ የሙቀት መብራት በርቷል፣ ሞተሩ ግን አልጋለም፤ የተበላሸው ሴንሰሩ ነው። አካል አደጋ አለ ብሎ አድሬናሊን ይለቃል፣ ልብ ትሮጣለች፣ ትንፋሽ ይፈጥናል። ትንፋሹ ሲፈጥን ደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ ጣት የሚደነዝዘው፣ ራስ የሚያዞረው ለዚያ ነው። እኔ ደግሞ ድንዛዜውን ሳይ ሞት ነው ብዬ እፈራለሁ፣ ፍርሃቱ የልቤን ምት ይጨምረዋል፣ እንዲያ እንዲያ እያለ። አብዛኛውን ጊዜ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ላይ ይደርስና ይወርዳል። እኔ ግን አንድም ቀን ሲወርድ አይቼው አላውቅም፤ ሁልጊዜ ቀድሜ እሸሻለሁ። ዋናው ነገር ይህች ናት፤ ለእኔ እንደ ብርሃን የሆነችኝ ይህች እውቀት ናት።

አሁን ሥራው መጣ። ምክክር ማለት አንድ አዋቂ ተቀምጦ የሚመክርህ ይመስለኝ ነበር፤ እንደ ሽማግሌ። እሷ ግን የቤት ሥራ ነው የምትሰጠው። አንድ ማክሰኞ «ስትሮ አለህ?» አለችኝ። የለስላሳ መጠጫዋን። አፍንጫዬን ይዤ በዚያች ቀጭን ነገር አንድ ደቂቃ ተንፍስ ተባልኩ። ከዚያ ወርጄ መኪናው አጠገብ ባለሁበት ቦታ እንድሮጥ አዘዘችኝ። ሐሳቡ ያንኑ የልብ ምት፣ ያንኑ ማዞር ሆን ብሎ ማምጣትና ሳይሸሹ ቆሞ ሲወርድ ማየት ነው። ጎማ የሚያይ መስሎ የመጣው ረዳቴ፣ ጋቢ ለብሼ ስትሮ በአፌ ይዤ ስሮጥ አገኘኝ። ምን እንዳሰበ እሱ ያውቃል። እኔ ግን በዚያ ቀን ልቤ በደቂቃ መቶ ሠላሳ መትታ፣ ከዚያ ራሷ ስትወርድ፣ ማንም ሳይነካት፣ በዓይኔ አየኋት።

ቀጥሎ መሰላል ሠራን። ለየአንዳንዱ ደረጃ ፍርሃቴን ከ0 እስከ 100 እሰጠዋለሁ። የዋሻውን ቪዲዮ ማየት፣ 30። ጣርማ በር ድረስ ተሳፍሮ ሄዶ ዋሻው አፍ ላይ መቆም፣ 55። በሰው መኪና ማለፍ፣ 75። ራሴ ከረዳቴ ጋር መንዳት፣ 90። ብቻዬን፣ 100። አንዱ ደረጃ ካልቀለለ ወደሚቀጥለው አንሄድም። እና ይህን አጥብቃ ተናግራለች፦ ተሳፋሪ ሆነህ ሳትለምደው መሪ እንዳትይዝ፤ የሰው ነፍስ አለበት።

ሌላም ነገር ያዘችብኝ። ሁልጊዜ የቀዘቀዘ ውኃ እይዛለሁ፣ መስኮት እከፍታለሁ፣ የሐኪሙን ቁጥር ስልኬ ላይ አውጥቼ አስቀምጣለሁ። «ውኃው ነው ያዳነኝ ብለህ ታስባለህ፣ ስለዚህ ያለ ውኃው መዳንህን አታውቅም» አለችኝ። አንድ በአንድ አስጣለችኝ። ከሁሉም ውኃዋ ከበደችኝ፣ እውነቴን ነው።

ጠበሉንስ? እማዬ ያንን ነበር የፈራችው፤ «ከእምነትህ ታወጣሃለች»። ጠየቅኋት። «ጠበልህን ጠጣ፣ ጸሎትህን አድርግ፣ የቤት ሥራህንም ሥራ» አለች፣ ሌላ ቃል አልጨመረችም። እማዬ ይህን ስትሰማ ለእሷ የሚሆን ድርቆሽ በሰው ላከች።

ቅሬታ የለኝም አልልም። ኔትወርኩ አናዶኛል፤ ማልቀስ ስጀምር ምስሉ ደርቆ ይቀራል፣ ከዚያ «አልሰማሁህም፣ ድገመው» ትላለች። ለቅሶ ይደገማል? በኋላ ምስሉን አጥፍተን በድምፅ ብቻ ስናደርገው ተሻለ። ሰዓት ላይ ደግሞ ምሕረት የላትም፤ ሃምሳ ደቂቃ ሃምሳ ደቂቃ ነው፤ ዘግይቼ ብገባም የሚቆረጠው ከእኔ ነው። ክፍያው ርካሽ አይደለም። ግን አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ አልጋና የቀረ የሥራ ቀን ስደምር ያንሳል።

አሥራ ሁለት ጊዜ ተገናኘን። ግንቦት ላይ ከረዳቴ ጋር አለፍኩ። ዋሻው መሃል ላይ መጣብኝ፤ ያው የልብ ምት፣ ያው ላብ። «ና፣ ውጣ፣ ውረድ» አልኩት ጮክ ብዬ። ረዳቴ እሱን ያልኩት መስሎት «የት ልውረድ?» አለኝ። ወጣን፣ ደብረ ሲና ደረስን፣ ቆሎ ሻጮቹ መኪናውን ከበቡት። አንድ ስኒ ስጪኝ ብዬ ሦስት ስኒ ገዛሁ። ሰኔ ላይ ብቻዬን አለፍኩ። ያቺን ባለሰባት ጥያቄ ወረቀት ድጋሚ ስሞላት 5 ሆነች። አሁንም አንዳንድ ቀን ይመጣል። ይመጣና ይሄዳል።

እህቴ፣ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጆችሽን ያሳድግልሽ። ከእኔ ጋር ስትሮ አፍሽ ውስጥ ከትተሽ አብረሽኝ የተነፈስሽውን አልረሳውም።

መጀመር ለምትፈልጉ፦ መጀመሪያ ሐኪም ይያችሁ፣ ልብም እንቅርትም ይጣራ፤ እሷም ያለዚያ አትጀምርም። ፈቃዱን ለማሳየት ከሚያንገራግር ጋር አትቀመጡ፣ የብዙ ወር ክፍያም አስቀድማችሁ አትላኩ። ሰው የማይሰማችሁ ቦታ ፈልጉ፤ ጋቢናም ይሆናል። በመጀመሪያው ቀን ሁሉን መናገር የለባችሁም፤ እኔ የጫቱን ነገር እንኳ ግማሹን ነው የነገርኳት። ካልተግባባችሁ ሌላ ባለሙያ መፈለግ ነውር የለውም። ነገሩ ከጭንቀት ያለፈና ራስን እስከ መጉዳት የሚያስብ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ለቤተሰብ ተናግራችሁ በአቅራቢያ ያለ ሆስፒታል ግቡ፤ ቀጠሮ አይጠበቅም።

ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጃት እሰጣችኋለሁ። ማክሰኞና ሐሙስ መንገድ ላይ ስለምሆን የምመልሰው ማታ ነው። ዋሻው ውስጥ ኔትወርክ የለም።