ጎንደር ላይ ቦይለር ስታሰሩ እባካችሁ አጠገቡ ቁሙ

ጎንደር ውስጥ እናት አባት ያላችሁ፣ በተለይ እንደኔ ከውጭ ሆናችሁ ብር እየላካችሁ "ተሰራ ወይ" ብላችሁ በስልክ ምትጠይቁ ሰዎች ይሄን አንብቡልኝ። ለጥምቀት ገብቼ ያየሁት ነገር አሁንም ሳስበው ያንዘፈዝፈኛል።

ሌላው ሁሉ ጥሩ ነበር። ከአዘዞ ኤርፖርት ያመጣን ልጅ ጨዋ ነው፣ ባጃጆቹም ከፒያሳ ማራኪ ሲያመላልሱኝ ከውጭ መምጣቴን እያወቁ ዋጋ አልጨመሩብኝም፣ እግዜር ይስጣቸው። ያቃጠለኝ የቦይለሩ ጉዳይ ነው።

እማዬ ቤት ያለው 50 ሊትር የኤሌክትሪክ ቦይለር ነው። እኔ ስደርስ መብራቱ ይበራል፣ ውሃው ግን አይሞቅም። የጥር ጠዋት ጎንደር ላይ እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ፣ እሷ ደግሞ ቁርጥማት አለባት፣ በድስት እያፈላች ነው ስትታጠብ የከረመችው፣ ለኔ በስልክ አንድም ቀን አልነገረችኝም። ሰው ጠቁሞኝ አንድ ባለሙያ ጠራሁ። ነገ አለ። በነጋታው የበዓል እንግዳ ገብቷል ሆቴሎች ይዘውኛል አለ፣ እሺ ይሄስ ይገባኛል ከተማው ጢም ብሎ ነበር፣ ግን ስልክ አንስቶ ዛሬ አልመጣም ማለት ምን ያስከፍላል? እኛ እኮ በር በር እያየን ነው የዋልነው፣ ለዘመድ ጥየቃ ያሰብኩት ጊዜ በሱ አለቀ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን እንኳን ሳልሳለም ልመለስ ነበር።

በመጨረሻ መጣ። ክዳኑን ሳይፈታ፣ ቴስተር ሳያወጣ፣ ታንከሩን በእጁ መታ መታ አድርጎ "እህቴ ይሄ አልቆለታል፣ አዲስ በ28 ሺ ብር እኔ አመጣልሻለሁ" አለኝ። ሳታየው እንዴት አወቅህ ስለው ዝም። አልገዛም ስል "በቃ ቴርሞስታቱን ልቀይረው" (ውሃው በቂ ሲሞቅ መብራቱን ሚቆርጠውን) ብሎ 6,500 ብር ጠየቀ፣ ደረሰኝ የለም። እማዬም "ልጀ፣ ከስሩ ያንጠባጥብብኛልና እሱንም እይልኝ እንጅ" አለችው። ሰርቶ ሄደ፣ እውነትም መንጠባጠቡ ቆመ፣ ውሃውም ሞቀ።

ሞቀ ስላችሁ ፈላ ነው። ማታ ቧንቧውን ስከፍተው እየተፋ እንፋሎት አወጣ፣ እማዬ ቀድማኝ እጇን ሰዳ ቢሆን ኖሮ ቆዳዋ ይገሸለጥ ነበር። ደወልኩለት፣ "ጥሩ ስለሰራ ነው፣ ቀዝቃዛ ቀላቅሉበት" አለኝ። ከዛ በኋላ ስልኬን አላነሳም። ውሃ ደግሞ በፈረቃ ነው፣ በጠፋ ማግስት ብሬከሩ ጧ ብሎ ወደቀ፣ ብናነሳው ተመልሶ ይወድቃል።

ሁለተኛውን ልጅ ያገኘሁት ማራኪ አካባቢ ካለች ትንሽ የጥገና ሱቅ ነው። እመጣለሁ ባለበት ሰዓት መጣ። መጀመሪያ ብሬከሩን አጠፋ፣ በቴስተር መብራት እንደሌለው አረጋገጠ፣ ከዛ የታችኛውን ክዳን ፈቶ ጠርቶ አሳየኝ። ያ ሰውዬ ቴርሞስታት አልቀየረም! የድሮውን አልፎ ሽቦዎቹን አንድ ላይ ጠምዝዞ በናስትሮ ጠቅልሏቸዋል። ማለት ውሃው የፈለገውን ያህል ቢሞቅ መብራቱን ሚቆርጥ ነገር የለም። ሲያንጠባጥብ የነበረው ደግሞ ሴፍቲ ቫልቩ ነው፣ ግፊት ሲበዛ ውሃ ሚያስወጣው፣ እሱን አውልቆ ተራ ማገናኛ አስሮበታል። ልጁ እንዳስረዳኝ ሲሞቅ ትንሽ ማንጠባጠቡ ብልሽት አይደለም፣ ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፣ 50 ሊትሩ ከቀዝቃዛ ተነስቶ ስልሳ ምናምን ዲግሪ እስኪደርስ ወደ አንድ ሊትር ሚጠጋ ይጨምራል፣ ያ መውጫ ይፈልጋል። ሁለቱንም መከላከያ አንስቶ እናቴን ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ቦምብ ስር አስታጥቧት ነበር እኮ!

ብሬከሩን ሚጥለውም ከዚሁ የመጣ ነው። ሴፍቲ ቫልቩ ውስጥ ውሃው ወደኋላ እንዳይመለስ ሚይዝ ነገር አለ። እሱ ስለሌለ መስመሩ ሲደርቅና ዝቅ ያለው የግቢ ቧንቧ ሲከፈት የቦይለሩ ውሃ በገባበት ይወርዳል፣ መብራቱ በርቶ ታንከሩ ባዶ ይሆናል፣ ውሃውን ሚያሞቀው ኤለመንት በደረቁ ይነዳል። ፈቶ ሲያወጣው ኖራ የመሰለ ነገር ጋግሮበታል፣ ጎኑም ተሰንጥቋል። 1,500 ዋት ኤለመንት ደህና ከሆነ በ220 ቮልት 32 ኦም አካባቢ ማንበብ አለበት ብሎ አዲሱን ፊቴ ለካልኝ። ታንከሩ ግን ደህና ነው፣ ዝገት የለውም፣ ያ 28 ሺ ብር ሚጣልለት ነገር አልነበረም። ዝገቱን በራሱ ላይ ሚወስደው የማግኒዥየም ዘንግ ስላለቀ እሱንም ቀየረው።

ኤለመንት፣ ቴርሞስታት፣ ሴፍቲ ቫልቭ፣ ዘንጉ፣ ጎሚኒውና ጉልበቱ ተደምሮ መጀመሪያ ከበላኝ ሰውዬ ዋጋ ያነሰ ነው ያስከፈለኝ፣ የዕቃዎቹን ደረሰኝና አሮጌዎቹን ዕቃዎች ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ። እኔ ምኖረው ሜሪላንድ ነው፣ እዛ ባለሙያ ገና ደጅ ስለረገጠ ብቻ ያስከፍላል፣ ግን ምን እንደሰራ በወረቀት ይሰጣል፣ ያጠፋም ይጠየቃል። እኛ ጋ ወረቀት ባይኖርም ህሊና ያለው ሰው አለ፣ ይሄን ልጅ አይቼ ሀገሬ ላይ ያለኝ ተስፋ ተመልሷል። ያኛውን ግን ማን ይጠይቀው? ስንት ቤት እንዲህ አድርጎ ገብቷል እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ስለዚህ ክዳኑን ሳይፈታና ሳይለካ አዲስ ግዙ ሚላችሁን መልሱት። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ በእጃችሁ ተቀበሉ። ሴፍቲ ቫልቩ ቦታው ላይ መኖሩን፣ ላዩ ላይ ያለችው ቀስት ወደ ቦይለሩ መዞሯን እዩ፣ መንጠባጠቢያው እንዳይደፈን። ውሃ ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ መጀመሪያ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፍቶ አየሩ አልቆ ውሃው ሳይቆራረጥ መውረዱን ማየት ነው፣ ብሬከሩ ከዛ በኋላ ነው ሚነሳው። ይሄን ልጁ እማዬን በደንብ አስተምሯታል፣ እኔም በስልክ አስታውሳታለሁ።

አንድ የቀረ ነገር አለ፣ ቤቱ ኤርዝ፣ ማለት ያመለጠ መብራት ወደ መሬት ሚወስድ መስመር፣ የለውም። ኤለመንት ሲሰነጠቅ ውሃው መብራት ሊይዝ ስለሚችል ይሄ ቀልድ አይደለም። ልጁ የመዳብ ዘንግ ገዝቶ ግቢው ውስጥ ሊቀብርልን ቀጠሮ ይዟል፣ እስከዛው እማዬ ብሬከሩን ሳታጠፋ ሻወር ቤት አትገባም።