የጠርሙስ ስብርባሪ ወይስ የቡና ገለፈት? ለጅማ ግቢ የቱ ይሻላል

ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች። አፈሩ ካልተሸፈነ ግቢው ጭቃ በጭቃ ነው። ምን እናልብሰው?

የጠርሙስ ስብርባሪ አይበሰብስም፣ ቀለሙም አይለቅም። ውሃ በመሃሉ ሰርጎ ያልፋል። ለእግር መንገድና የጣሪያ ውሃ ለሚወርድበት ጥግ በጣም እወደዋለሁ። ጠርሙሱ አዌቱ ወንዝ ዳር ከሚጣል እዚህ ቢውል ስንት ጥቅም አለው!

ግን ጠርዙ ወሳኝ ነው። በመዶሻ የተሰባበረ ጠርሙስ እንዲሁ አይበተንም፤ በፍጹም። ከአሸዋና ከውሃ ጋር በሲሚንቶ ሚክሰር ለረጅም ሰዓት ሲዞር ነው ስለቱ የሚጠፋው። በወፍራም ጓንት አንስታችሁ እዩት። እንደ ወንዝ ጠጠር ካልደበለበለ ተመልሶ ይዙር። ስትሠሩ መነጽርና የአፍ መሸፈኛም አትርሱ። ከሥሩ ውሃ የሚያሳልፍ ጨርቅ ካልተነጠፈ ጭቃው ቀስ በቀስ ይውጠዋል። ልጆች በባዶ እግር የሚሮጡበት ቦታ ላይ ግን ለስልሶም ቢሆን አላደርገውም።

ገለፈቱ የእኛው ነው፤ ቡና መፈልፈያ ባለበት ሁሉ ይከመራል። እርጥበት ይይዛል፣ ሲበሰብስም አፈሩን ይመግባል፤ በተለይ ፖታሲየም አለው። ታዲያ ያልቃል፣ በየጊዜው መጨመር አለበት። ተዳፋት ላይ ከባድ ዝናብ ጠርጎ ይወስደዋል። ትኩሱን ለጋ ችግኝ ሥር አታድርጉ። ካፌይኑ ሊጎዳው ስለሚችል መጀመሪያ ጥቂት ወራት ተከምሮ ይብላላ።

ለጎመን፣ ለቲማቲምና ለጽጌረዳ መደብ ምርጫዬ ያለጥርጥር ገለፈት ነው። መደብ በየጊዜው ይቆፈራል። ብርጭቆ አንዴ ከአፈሩ ጋር ከተደባለቀ ለቅሞ መጨረስ አይቻልም።